የቆጠራ መቶኛ ምን ይለካል? የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የድኅረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መረጃ ጥራት

በጤና ጣቢያ ወርሃዊ ሪፖርት ላይ የሠራ ባለሙያ ሁሉ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ሆኖ የወጣበትን ወር ያስታውሳል። የተከተቡት ሕፃናት በመዝገቡ ላይ በስም ሰፍረዋል፤ ስሕተቱ የሚገኘው በአብዛኛው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፤ «መከተብ የሚገባቸው ሕፃናት ስንት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ በተሰጠው ግምት ላይ። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ ከዚያ ወዲህ በታሕት የሚቀመጠው ቁጥር ትንበያ መሆኑን ባለሙያው ያውቃል። ስለሆነም ብዙዎች «ቆጠራ በወቅቱ ቢካሄድ ኖሮ ችግሩ ሁሉ ይፈታ ነበር» ብለው ያስባሉ። ይህ እምነት በከፊል ትክክል ነው። ቆጠራ በየአምስት ዓመቱ ሳይቋረጥ በሚካሄድባት በአውስትራሊያ የሚታየው ሁኔታ ግን ላዕሉም ታሕቱም ከአንድ ቆጠራ ተወስደው እንኳ መቶኛው ሊያሳስት እንደሚችል ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ነባር ሕዝቦች አዋቂዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ያገኟቸውን የትምህርትና የሙያ ማስረጃዎች ይመለከታል። በሐምሌ 2020 የአውስትራሊያ መንግሥታት ከነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጥምረት ጋር «ልዩነቱን መዝጋት» የተሰኘውን ብሔራዊ ስምምነት አጽድቀዋል። የስምምነቱ ስድስተኛ ግብ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 34 ዓመት ከሆኑት የነባር ሕዝቦች አባላት መካከል ሰርተፍኬት 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ማስረጃ ያላቸው በ2031 ወደ 70 በመቶ እንዲያድጉ ይጠይቃል። መነሻው በ2016 ቆጠራ የተገኘው 42.3 በመቶ ሲሆን በ2021 ቆጠራ ቁጥሩ 47.0 በመቶ ሆኗል። የመለኪያው ምንጭ ቆጠራው ራሱ ነው። በመሆኑም ለአሥራ አምስት ዓመታት የሚዘልቀው የዚህ ግብ ጉዞ የሚታየው በየአምስት ዓመቱ በሚገኙ አራት ነጥቦች ብቻ ነው፤ የ4.7 የመቶኛ ነጥብ ጭማሪ ብዙ ትርጉም የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጤና ባለሙያ ጉዳዩ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአቦርጂናል ጤና ፕራክቲሽነር የሚባለው ሙያ ከሐምሌ 1 ቀን 2012 ጀምሮ በብሔራዊ ደረጃ የሚመዘገብ ሲሆን ለመመዝገብ የሚያበቃው ትምህርት ሰርተፍኬት 4 ነው። ከነባር ሕዝቦች የወጡት የመጀመሪያዋ ሐኪም እንደሆኑ የሚታወቁት ሔለን ሚልሮይ የተመረቁት በ1983 ነው፤ ይኸውም የዛሬ አንድ ትውልድ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። በየትኛው አካባቢ ምን ያህል ሰው ለሥልጠና ዝግጁ እንደሆነ፣ ቀድሞ የሠለጠነው የት እንደሚኖር፣ ገንዘቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚወሰነው በአመዛኙ ከቆጠራው በሚወጡ ሠንጠረዦች ነው። መቶኛው ያለ እውነተኛ ለውጥ ካደገ በቂ ሥልጠና እንደተሰጠ ተቆጥሮ ገንዘቡ ሊቀነስ ይችላል። ያለ እውነተኛ ውድቀት ከወረደ ደግሞ መልካም ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ሊዘጋ ይችላል።

ማን ተቆጠረ?

የታሕቱ ታሪክ ረጅምና አሳዛኝ ነው። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127 የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ሲሰላ አቦርጂናሎች እንዳይካተቱ ይደነግግ ነበር። አንቀጹ የተሰረዘው በግንቦት 1967 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲሆን ከመራጮቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለውጡን ደግፈዋል። ከዚያ በኋላ የተካሄደው የመጀመሪያ ቆጠራ የ1971ዱ ነው። ዛሬ የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ትውልድ ሐረግ ነው፤ ግለሰቡ ከአቦርጂናል ወይም ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝብ የሚወለድ መሆኑን ይጠይቃል። ከ1996 ጀምሮም «ከሁለቱም» ብሎ መመለስ ተፈቅዷል። በቅጹ ላይ ምልክት የሚያደርገው ግለሰቡ ወይም የቤተሰቡ አባል ነው፤ የሚያረጋግጥ ሰነድ አይጠየቅም።

በዚህ አሠራር የተገኘው ቁጥር በፍጥነት አድጓል። በ1996 ነባር ሕዝብ ነኝ ያለው 352,970 ሰው ነበር፤ በ2006 455,028፣ በ2016 649,171፣ በ2021 ደግሞ 812,728 ሆነ። ከ2016 እስከ 2021 ያለው ጭማሪ ብቻውን 25 በመቶ ያህል ነው። በልደትና በሞት፣ እንዲሁም ወደ አገር በመግባትና ከአገር በመውጣት ሊብራራ የሚችለው የዚህ ጭማሪ ከፊል ብቻ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ውጪ በሆኑ ምክንያቶች የመጣ ነው። ከእነዚህም ዋናው ቀደም ሲል ማንነታቸውን በቅጹ ላይ ያላሰፈሩ ሰዎች አሁን ማስፈራቸው ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ፤ አስተያየቱ ግን ታሪኩን የዘነጋ ነው። ልጆች በመንግሥት ትእዛዝ ከወላጆቻቸው በተነጠቁበት አገር፣ ጉዳዩን የመረመረው ሪፖርት በ1997 በወጣበትና ይፋዊው ይቅርታ በየካቲት 2008 በፓርላማ በተነገረበት አገር፣ አንድ አያት ለአርባ ዓመታት የደበቁትን የትውልድ ሐረግ የልጅ ልጃቸው ዛሬ በቅጽ ላይ ቢጽፈው የሚያስገርም አይደለም።

ለመቶኛው ያለው ውጤት ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለማስረዳት ያህል በምናብ የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ቆጠራ 1,000 ነባር አዋቂዎች ተመዝግበው 300ዎቹ ማስረጃ ነበራቸው እንበል፤ መቶኛው 30 ነው። በሚቀጥለው ቆጠራ እነዚሁ 1,000 ሰዎች ምንም ሳይማሩ ቆዩ፤ ነገር ግን ማንነታቸውን አዲስ ያሰፈሩ 250 ሰዎች ተጨመሩ፤ ከእነዚህም 150ዎቹ ማስረጃ አላቸው። አሁን ከ1,250 ሰዎች 450ዎቹ ማስረጃ ያላቸው በመሆኑ መቶኛው 36 ይሆናል። አንድም ሰው ወደ ክፍል ሳይገባ ስድስት የመቶኛ ነጥብ ተገኘ ማለት ነው። ምሳሌው ከእውነታው የራቀ አይደለም፤ የቁጥሩ ዕድገት ጎልቶ የታየው በከተሞችና በደቡብ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ሲሆን፣ በከተሞች የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ማስረጃ የመያዝ ዕድላቸው እጅግ ራቅ ባሉ አካባቢዎች ከሚኖሩት በእጅጉ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ከ42.3 ወደ 47.0 የታየው ለውጥ ሐሰት ነው ማለት ግን አይቻልም። ወጣቶች በእርግጥ ተምረዋል። ሊባል የሚችለው ከ4.7ቱ ነጥብ ምን ያህሉ የትምህርት፣ ምን ያህሉ የአባላት ለውጥ እንደሆነ ጥሬው መቶኛ ብቻውን አለመናገሩን ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ያልተቆጠሩት አሉ። የአውስትራሊያ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከእያንዳንዱ ቆጠራ ቀጥሎ በናሙና ቤቶች ላይ የድኅረ ቆጠራ ጥናት ያካሂዳል። በዚህ ጥናት መሠረት በነባር ሕዝቦች ላይ የታየው የተጣራ የቆጠራ ጉድለት በ2006 11.5 በመቶ፣ በ2011 17.2፣ በ2016 17.5፣ በ2021 ደግሞ 17.4 በመቶ ነበር። በዚህም ምክንያት በ2021 የተቆጠረው 812,728 ሰው ሲሆን፣ ከማስተካከያ በኋላ የተገመተው የነባር ሕዝብ ብዛት 983,700 ገደማ ሆኗል። የሕዝብ ብዛቱ በዚህ መንገድ ሊታረም ይችላል፤ የትምህርት መቶኛው ግን የሚሰላው ከተቆጠሩት ብቻ ነው። ያልተቆጠሩት ሰዎች ከተቆጠሩት ጋር በትምህርት ተመሳሳይ ቢሆኑ ጉዳት አይኖርም ነበር። ነገር ግን ከቆጠራ የሚያመልጡት በዘፈቀደ አይደለም፤ ወጣት ወንዶችና ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩ ሰዎች ይበዙባቸዋል። እነዚሁ ሰዎች የሥልጠና ዕድልም የሚያመልጣቸው ናቸው። በመሆኑም ይህ ጉድለት መቶኛውን ከእውነቱ ከፍ የማድረግ ዝንባሌ አለው።

ምን ተጻፈ?

አሁን ወደ ላዕሉ እንሻገር። ቅጹ ግለሰቡ የትምህርት ማስረጃ ማጠናቀቁን፣ የከፍተኛውን ማስረጃ ደረጃና የተማረበትን ዋና የትምህርት መስክ ይጠይቃል። የኢትዮጵያን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደረጃዎች ለሚያውቅ አንባቢ መሰላሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከሰርተፍኬት 1 ተነሥቶ እስከ ሰርተፍኬት 4፣ ከዚያ ዲፕሎማና አድቫንስድ ዲፕሎማ፣ ቀጥሎም ዲግሪዎች ናቸው። በግቡ የሚቆጠረው ከሰርተፍኬት 3 ጀምሮ ያለው ነው። ስለዚህ በሰርተፍኬት 2 እና በሰርተፍኬት 3 መካከል ያለችው አንዲት መስመር የመላውን መለኪያ ክብደት ተሸክማለች።

መስመሯ ግን በወረቀት ላይ እንጂ በሰው ትዝታ ውስጥ ያን ያህል ግልጽ አይደለችም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ክሊኒክ ሥር ሥልጠና የወሰደች የጤና ሠራተኛ «ሰርተፍኬት አለኝ» ትላለች፤ ቁጥሩን ላታስታውሰው ትችላለች፤ ምናልባትም በጊዜው ቁጥር አልነበረውም። እንዲህ ያለ መልስ ሲገኝ ቆጠራው «ደረጃው ያልተገለጸ ሰርተፍኬት» በሚል መደብ ያስቀምጠዋል። ሌላው ደግሞ የአንድ ሙሉ ኮርስ ማስረጃ ሳይሆን የተወሰኑ የትምህርት ክፍሎችን ማለፉን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ እንደ ሙሉ ማስረጃ ያስመዘግባል። የመጀመሪያ ርዳታ ወይም የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናን የሚያስመዘግብም አይጠፋም። በተቃራኒው በሆስፒታል ውስጥ በአሮጌው ሥርዓት የሠለጠነች ነርስ፣ ማለትም የነርስነት ትምህርት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከመዛወሩ በፊት የተመረቀች፣ ዩኒቨርሲቲ ባለመግባቷ «ከትምህርት ቤት በኋላ አልተማርኩም» ልትል ትችላለች። እያንዳንዱ ስሕተት ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሕተቶቹ ሁሉ አንዱ ሌላውን ያጠፋል ብሎ ማሰብ አጉል ተስፋ ነው።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበው መልሱን ማን እንደሚሰጥ ነው። ቆጠራው ለቤተሰብ ሁሉ አንድ ቅጽ ነው፤ አንድ ሰው ለሁሉም ይሞላል። ራቅ ባሉ ማኅበረሰቦች ደግሞ ቆጣሪው ራሱ ቤት ለቤት እየሄደ የቤቱን ተወካይ በቃል ይጠይቃል። አክስት የእኅቷን ልጅ ዕድሜ አታጣውም፤ ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ የጀመረውን የግንባታ ሥልጠና ጨርሶ እንደሆነ፣ የጨረሰውም ስንተኛውን ሰርተፍኬት እንደሆነ ግን ላታውቅ ትችላለች። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ በሆነበት ቤት «የተጠናቀቀ ማስረጃ» የሚለው ሐረግ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። የሕመምተኛን የቀድሞ ሕክምና ታሪክ ከአስታማሚ የወሰደ ባለሙያ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

መልስ ሳይሰጥ የሚቀረውም ብዙ ነው፤ በነባር ሕዝቦች ዘንድ ስለ ማስረጃ የቀረበው ጥያቄ ያለ መልስ የሚቀርበት ድርሻ ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሠንጠረዦች እነዚህን ሰዎች ከታሕቱ ያወጧቸዋል። አሁንም በምናብ እናስላ፤ ከ1,000 አዋቂዎች 400ዎቹ ማስረጃ አላቸው፣ 480ዎቹ የላቸውም፣ 120ዎቹ አልመለሱም። ያልመለሱትን ካወጣን መቶኛው 45.5 ነው። ማስረጃ የላቸውም ብለን ከወሰድን 40፣ ሁሉም አላቸው ካልን ደግሞ 52 ይሆናል። በአንድ ዓይነት መረጃ ላይ የ12 ነጥብ ልዩነት ተፈጠረ። ሁለት ቆጠራዎችን ያነጻጸረ ሪፖርት ያልመለሱትን እንዴት እንደያዘ ካልገለጸ የጥቂት ነጥቦች ለውጡን አምኖ መቀበል አስቸጋሪ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የነባር ሕዝብነት ጥያቄው ራሱ ያልተመለሰላቸው አሉ፤ በ2016 እነዚህ ከጠቅላላው ሕዝብ 6.0 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቹ ቅጽ ባልመለሱ ቤቶች ውስጥ አሉ ተብለው የተገመቱ ሰዎች ናቸው። ቢሮው ለእነዚህ ሰዎች ዕድሜን፣ ጾታን፣ የጋብቻ ሁኔታንና የመኖሪያ ቦታን በስሌት ይሞላላቸዋል፤ ማንነትንና ትምህርትን ግን አይሞላም። አሠራሩ ተገቢ ነው። የሰውን ማንነት በስሌት መገመት ሌላ በደል ይሆናል። ውጤቱ ግን እነዚህ ሰዎች ከላዕሉም ከታሕቱም መጥፋታቸው ነው።

እንዴት ይፈተሻል?

የትምህርት ማስረጃ አንድ ጠቃሚ ባሕርይ አለው፤ አንዴ ከተገኘ አይጠፋም። የደም ግፊት ይወጣል ይወርዳል፤ ዲፕሎማ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ሰርተፍኬት 2 አይወርድም። ይህ ባሕርይ ለመረጃው ጥራት መመርመሪያ ይሆናል። በአንደኛው መንገድ በ2011 ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 34 የነበሩት በ2021 ከ35 እስከ 44 ሆነው ይፈለጋሉ። ማስረጃ ያላቸው ቁጥር ቢጨምር ትምህርት ሊሆን ይችላል። የማስረጃ ባለቤቶቹ ቁጥር በእነዚያ ዓመታት ከየትምህርት ተቋማቱ ከወጡት ተመራቂዎች በላይ ከጨመረ ግን ልዩነቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በሁለተኛው መንገድ የአንድ ሰው መልስ ከቆጠራ ወደ ቆጠራ ይከተላል። ቢሮው የሕዝቡን 5 በመቶ ናሙና በማገናኘት ያዘጋጀው ተከታታይ የቆጠራ መረጃ ይህን ያስችላል። በአንዱ ቆጠራ «ዲግሪ አለኝ» ብሎ በሚቀጥለው «የለኝም» ያለ ሰው ከተገኘ ከሁለቱ መልሶች አንዱ ስሕተት መሆኑ አያከራክርም። ማንነቱን አዲስ ያሰፈረውንም ቀድሞ ካሰፈረው ለይቶ የሁለቱን ትምህርት ለየብቻ ማየት የሚቻለው በዚሁ መንገድ ነው። ድክመቱ ግን አለ፤ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሳይገናኙ የሚቀሩት በብዛት እነዚያው አድራሻቸው የሚለዋወጠው ወጣቶች ናቸው።

ከሥልጠና ተቋማት መዝገብ ጋር ማነጻጸርም ይረዳል፤ ነገር ግን መዝገቡ የሚቆጥረው ማስረጃን እንጂ ሰውን አይደለም። አንድ ሰው በተለያዩ ጊዜያት ሦስት ሰርተፍኬቶችን ሊወስድ ይችላል። ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነጥብ የዕድሜ ወሰኑ ነው። ከነባር ሕዝቦች መካከል ብዙዎች ልጆች ካሳደጉ በኋላ ዘግይተው ይማራሉ። በ38 ዓመቷ ሰርተፍኬት 4 አግኝታ በማኅበረሰቧ ክሊኒክ የምትሠራ ሴት የጤና አገልግሎቱ ምሰሶ ብትሆንም ከ25 እስከ 34 ባለው መለኪያ ውስጥ አትታይም።

ሕክምናው ዓለም ተመሳሳይ ትምህርት ቀስሟል

የጤና ባለሙያዎች ይህን ሁሉ የትምህርት ጉዳይ ብለው እንዳይተዉት የሚያስገድድ አንድ ገጠመኝ አለ። ከ1996 እስከ 2001 ላለው ጊዜ በተሠራው ስሌት የነባር ሕዝቦች ወንዶች የዕድሜ ጣሪያ ግምት 59.4፣ የሴቶቹ 64.8 ዓመት ሲሆን ከሌላው ሕዝብ ጋር ያለው ልዩነት 17 ዓመት ገደማ ተባለ። ይህ አኃዝ በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ። በ2009 ግን ከ2005 እስከ 2007 ላለው ጊዜ የወጣው አዲስ ግምት ወንዶቹን 67.2፣ ሴቶቹን 72.9 አደረሳቸው፤ ልዩነቱም ለወንዶች 11.5፣ ለሴቶች 9.7 ዓመት ሆነ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የነባር ሕዝቦች ዕድሜ በስምንት ዓመት አልረዘመም። የተለወጠው ዘዴው ነው፤ የሞት መዝገቦች ከ2006 ቆጠራ መዝገቦች ጋር ተገናኝተው በሞት ጊዜ የተጻፈው ማንነትና በቆጠራ የተጻፈው ማንነት ተነጻጸሩ። በላዕል ያሉትን ሟቾች የመዘገበው አንድ አካል፣ በታሕት ያሉትን ነዋሪዎች የቆጠረው ሌላ አካል በመሆኑ «ነባር ሕዝብ» የሚለው ቃል በሁለቱ መዝገቦች አንድ ዓይነት ሰዎችን አያመለክትም ነበር። ቢሮው ሁለቱ ግምቶች የጊዜ ለውጥ ለመለካት እንዳይነጻጸሩ አሳስቧል፤ ማሳሰቢያው ግን እንደ አኃዙ ርቆ አልተሰማም።

በሆስፒታል ካርዱ ላይ ያንን ማንነት የሚጽፈው የጤና ሠራተኛ ወይም የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። የአውስትራሊያ የጤናና የማኅበራዊ ደኅንነት ኢንስቲትዩት በ2010 ያወጣው መመሪያ ጥያቄው በቆጠራው ላይ ባለው ቃል ለእያንዳንዱ ተገልጋይ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በመልክ፣ በስም ወይም በመኖሪያ ሰፈር እየገመቱ አንዱን መጠየቅ፣ ሌላውን መዝለል አይፈቀድም። ሕመምተኛው ራሱን ካላወቀ ወይም ሕፃን ከሆነ የቅርብ ዘመድ ይጠየቃል፤ ተጠይቆ መልስ ያልሰጠ ሰውም «ነባር ሕዝብ አይደለም» ተብሎ አይጻፍም።